የአበባ እርሻው «ማኅበራዊ ኃላፊነት» ገጽ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት 2018 የተያዘ ማስታወሻ

ኅዳር፣ 1ኛ ሳምንት

ጽጌረዳ አምርቶ ወደ ሆላንድ የሚልክ እርሻ ነው። ድረ ገጻቸው ላይ «ማኅበራዊ ኃላፊነት» የምትል አንዲት ገጽ አለች፤ እሷን አድስልን አሉኝ። የእርሻውን ስምም ቦታም አልጠራም። ከታች የምጽፈው ሁሉ እነሱን የሚያኮራ አይደለም፤ እኔንም ሁሉ አያኮራኝም።

አሮጌዋ ገጽ ሦስት ፎቶና አንድ አንቀጽ ናት። ሥራ አስኪያጁ ችግኝ ሲተክሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ደብተር ሲያድሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ሪባን ሲቆርጡ። አንቀጹ «ድርጅታችን ለአካባቢው ማኅበረሰብ ካለው ጥልቅ ፍቅር በመነሳት» ብሎ ይጀምርና ፍቅሩን ብቻ ተናግሮ ያልቃል።

ዋጋ 85,000 ብር፣ ግማሹ ቅድሚያ። ስድስት ሳምንት ብለን ተፈራረምን። (አሥራ አራት ፈጀ።)

የመጀመሪያው ስህተቴ ጽሑፉ ሳይኖር ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የገጽ ንድፍ) መግዛቴ ነው። 59 ዶላር። የዶላር ካርድ ስለሌለኝ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ፤ እስካሁን ዕዳዋ አለብኝ። ዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ነው፤ መሃሉ ላይ ገጹ ወደታች ሲሳብ ከዜሮ ተነስተው እየተሽከረከሩ የሚወጡ አራት ትልልቅ ቁጥሮች አሉት። ያምራሉ። ግን ቁጥር ይፈልጋሉ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ደወልኩ፤ መኪና እየነዱ በቃላቸው ነገሩኝ፦ 50 ሺህ ችግኝ፣ 3 ትምህርት ቤት፣ 1 የውሃ ጉድጓድ፣ 1 ክሊኒክ። አስገባኋቸው። ማታ ለእህቴ ባሳያት «ሃምሳ ሺውን ማን ቆጠረው?» አለችኝ። ሳቅኩ።

ኅዳር፣ 2ኛ ሳምንት

የሌሎችን ማየት። ኤክሴል ከፍቼ የአገር ውስጥ ባንኮችን፣ የቢራና የሲሚንቶ ፋብሪካዎችን፣ አበባ ላኪዎችን፣ ከውጭም ታዋቂ የሆኑትን ደረደርኩ። ለእያንዳንዱ ነጥብ፦ ስለ አካባቢ ጽፏል? ስለ ሠራተኛ? ስለ ማኅበረሰብ? ስለ ሙስና? የቅሬታ አድራሻ አለው? ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ።

ሁለት ቀን ከሠራሁ በኋላ ሺቱን ሰረዝኩት። ብዙ ያወራ ሁሉ ብዙ ነጥብ ያገኛል። እንዲህ ባለ መለኪያ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. እስከ መስከረም 2015 ድረስ አንደኛ ይወጣ ነበር፤ የናፍጣ መኪኖቹ ጭስ ሲመረመሩ የሚያታልል ሶፍትዌር እንደተጫነባቸው በታወቀበት ወር በዶው ጆንስ የዘላቂነት መለኪያ ከመኪና አምራቾች ቀዳሚው እሱ ነበር። የነዳጅ ኩባንያው ቢፒም እ.ኤ.አ. በ2000 አርማውን የፀሐይ አበባ የሚመስል አረንጓዴና ቢጫ አድርጎ «ከነዳጅ ባሻገር» የሚል መፈክር ይዞ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ የነበረው የቁፋሮ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ድፍድፉ ለሳምንታት ባሕር ላይ ፈሰሰ።

ሁለተኛው ሺት ርዕስ አይቆጥርም፤ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይሄዳል። አምስት ጥያቄ ብቻ፦ ማን? ስንት? መቼ? በምን ይረጋገጣል? አምስተኛው፦ ያልተሳካ ነገር ተጽፏል ወይ?

በዚህ መለኪያ ደህና ውጤት ያገኙት ሌሎች ሆኑ። ናይኪ በ1990ዎቹ በፋብሪካዎቹ የሠራተኛ አያያዝ ስሙ ከጠፋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ጫማና ልብስ የሚሠሩለትን ከ700 በላይ ፋብሪካዎች ስምና አድራሻ ይፋ አደረገ። በዘርፉ እንዲህ ያደረገ ትልቅ ድርጅት ከዚያ በፊት አልነበረም። ስለ ፍቅር አንድም ቃል የለውም፣ ዝርዝር ነው፤ ግን የፈለገ ሰው ሄዶ በሩን ማንኳኳት ይችላል። የአሜሪካው ልብስ ሠሪ ፓታጎኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 አንዳንድ ምርቶቹ ከጥሬ ዕቃ እስከ መደብሩ የሄዱበትን መንገድ ድረ ገጹ ላይ ሲያሳይ ጥሩውንም መጥፎውንም ጎን ለጎን አስቀመጠ። ያንን አምድ ለመስረቅ ወሰንኩ።

የእኛ አገር ገጾች አምስተኛው ጥያቄ ላይ ሁሉም ባዶ ናቸው። ከ2011ዱ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ ደግሞ የችግኝ ፎቶ የሌለበት ገጽ ማግኘት ከባድ ነው፦ ኮፍያ፣ አዲስ ቲሸርት፣ አካፋ። በሚቀጥለው ዓመት ያው ጉድጓድ ምን እንደመሰለ የሚያሳይ አንድም አላገኘሁም። ስለፈለግኩት ነው የምለው።

ዌይባክ ማሽን የሚባለው የድሮ ገጾች ማኅደር በነፃ ነው፤ የድርጅቱን አድራሻ ማስገባት ብቻ ይበቃል። የራሴን ደንበኛ አስገባሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ገጻቸው ላይ «በመጪው ዓመት ሁለተኛ የውሃ ጉድጓድ ይቆፈራል» የሚል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ጠፍቷል። ሁለተኛ ጉድጓድም የለም።

ኅዳር፣ 3ኛ እና 4ኛ ሳምንት

ወደ እርሻው ወረድኩ። ከአውቶቡስ ወርዶ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወርዶ እግር። ደርሶ መልስ ከምሳ ጋር 900 ብር። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ስለሄድኩ ይኼ ሂሳብ ውስጥ ያላስገባሁት ወጪ ነው።

አሮጌው ገጽና አዲሱ ረቂቅ አንድ ላይ 31 ዓረፍተ ነገር አላቸው። እያንዳንዱን በአንድ መስመር ጻፍኩና አጠገቡ «ማስረጃው የት ነው?» የሚል አምድ አደረግኩ። ይዤው ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ያለው ፎቶ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ያላት የሥልጠና ስም ዝርዝር ነው፤ ፊርማ ያለበትና የሌለበት። ሥራ አስኪያጁ ያላቸው ትዝታ ነው።

ሀብቱ የተገኘው ፋይናንስ ነው። ለካ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ከታክስ በፊት ሊቀነስ የሚችለው ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ሒሳብ ሹሙ የአምስት ዓመት ስጦታ በሙሉ በአንድ ቦክስ ፋይል ጠርዞ አስቀምጧል። ደረሰኝ፣ የርክክብ ሰነድ፣ የወረዳ ማኅተም። ለትምህርት ቤቱ የተሰጡት ዴስኮች ትምህርት ቤቱ በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አድርጓቸዋል፤ ቁጥራቸው 120፣ ቀኑም አለ። ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነት ከሁሉ የተሟላው ማኅደር የተከፈተው ገቢዎችን በመፍራት ነው። ሒሳብ ሹሙ ከእኔ በፊት ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገረኝ።

የ31ዱ ውጤት፦ ማስረጃ ያላቸው 9። ማስረጃ ሊገኝላቸው የሚችል 8። ሊረጋገጡ የማይችሉ 14፤ ሁሉም «ቁርጠኛ ነን»፣ «ግንባር ቀደም ነን»፣ «እናምናለን» ናቸው። 14ቱን አወጣሁ። ሦስት ትምህርት ቤት የተባለውም አንድ ትምህርት ቤት ሆኖ ተገኘ፤ ሦስት ጊዜ ስለተሰጠው ነው።

ታኅሣሥ፣ 1ኛ ሳምንት

ይኼን ሳምንት የበላው አንድ ጥያቄ ነው፦ የትኛው ስጦታ ነው፣ የትኛው ግዴታ?

ረቂቁ ላይ «ለእናቶች ካለን ክብር 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ እንሰጣለን» የሚል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይላል። 30 ሲደመር 90። ክብሩ የፓርላማው ነው። «ለኬሚካል ረጪዎች ሙሉ የመከላከያ ልብስ በነፃ እናቀርባለን»፤ በነፃ ካልሆነ በምን ሊሆን ነው? የአበባ አምራቾች ማኅበር ያወጣው ከነሐስ እስከ ወርቅ ደረጃ ያለው የአሠራር ኮድ ነበረ፤ በ2003 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 207 ዘርፉ የሚገዛበት ሕግ አደረገው። ልብሱ፣ የኬሚካል መጋዘኑ፣ ከርጭት በኋላ ወደ ግሪንሃውስ ሳይገባ የሚቆየው ሰዓት፣ እነዚህ ሁሉ የሚታዩት በኦዲት ነው።

ከባዱ ፌርትሬድ (የፍትሐዊ ንግድ ሰርተፍኬት) ነው። እርሻው ሰርተፍኬቱ አለው። በአበባ ላይ የፌርትሬድ ገዢ ከዋጋው 10 በመቶ ፕሪሚየም ጨምሮ ይከፍላል፤ ያ ገንዘብ የሚውልበትን የሚወስነው ከሠራተኛው የተመረጠ ኮሚቴ ነው። ገጹ ላይ «ድርጅታችን የገነባው መዋዕለ ሕፃናት» የተባለው የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ፓክሃውስ (አበባው የሚታሸግበት ቤት) ውስጥ ግንድ በርዝመት የምትለይ ልጅ፣ ቃለ ጉባኤውን አምጥታ አሳየችኝ። «ድርጅቱ መሬቱን ሰጠ። ገንዘቡ የእኛ ነው» አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩት።

ገጹን በሦስት ከፈልኩት፦ «ሕግ ስለሚያስገድደን የምናደርገው»፣ «የሠራተኞች ኮሚቴ ያደረገው»፣ «በራሳችን ፈቃድ ያደረግነው»። ሦስተኛው በጣም አጭር ሆነ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ደነገጠ፤ አንዱ «ታዲያ እኛ ምን ሠራን?» ብሎ ጠየቀኝ። ይኼ ለእኔ የሚቀርብ ጥያቄ አይመስለኝም፤ ግን 120 ዴስክ፣ የትምህርት ቤት አጥር፣ የክሊኒክ መድኃኒት ለመንደሩ ሰው በወር ሁለት ቀን ቀላል እንዳልሆነ ነገርኩት። ሁሉ ነገር አንድ ላይ ተቀይጦ ስለነበር አይታይም ነበር እንጂ።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ እና 3ኛ ሳምንት

ችግኝ ቆጠራ።

ከችግኝ ጣቢያ የተገዛበት ቫውቸር ተደምሮ በሦስት ክረምት 18,400 መጣ። ሃምሳ ሺህ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ አንድ ሰው ምናልባት የዕቅዱ ቁጥር ነው አለ።

18,400 መቁጠር ስለማልችል ናሙና። ከእርሻው አግሮኖሚስት ጋር ሆነን በገመድና በችካል 10 በ10 ሜትር የሆኑ አሥር ቦታዎች ለየን። ተከላው በ2 ሜትር ርቀት ስለሆነ በእያንዳንዱ 25 ሊኖር ይገባል፤ በድምሩ 250። ግማሽ ቀን ፈጀ። 203 ቆመው አገኘን። 81 በመቶ! ሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ይኼንንማ በትልቁ ጻፈው አሉኝ።

ማታ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ነው የገባኝ። አሥሩም ቦታ ከመንገዱ ዳር ነው። ፀሐይ ስለነበረ ወደ ዳገቱ አልወጣንም። የመንገዱ ዳር የታጠረና የእርሻው የውሃ ቦቴ ሲያልፍ የሚያጠጣው ነው፤ እንግዳ የሚያየው እሱን ስለሆነ።

ድጋሚ። በዚህኛው ጊዜ ከመሄዴ በፊት ቤት ሆኜ ካርታ ላይ ፍርግርግ አስምሬ፣ ቁጥር ጽፌ፣ ከኮፍያ ውስጥ ዕጣ አወጣሁ። አራቱ ዳገት ላይ ወደቁ፣ ሁለቱ ገደል አጠገብ። አግሮኖሚስቱ በልቡ ሳይረግመኝ አልቀረም። ውጤት፦ ከ250 ውስጥ 108። 43 በመቶ። የጠፉት አብዛኞቹ በከብት የተበሉ ናቸው፤ ፍየል የጋጠው ግንድ ይለያል።

ገጹ ላይ የገባው፦ «በሦስት ክረምት 18,400 ችግኝ ገዝተን ተክለናል። በታኅሣሥ 2018 በዕጣ በተመረጡ 10 ቦታዎች ብንቆጥር ከ250 ውስጥ 108 ቆመዋል። ዳገቱ አልታጠረም።» የሚሽከረከሩትን ቁጥሮች ከገጹ አጠፋኋቸው። 43 ሲሽከረከር ደስ አይልም።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥር መግቢያ

የቴክኒክ ሥራ። በአጭሩ ላስቀምጠው።

ከድርጅቱ የተሰጠኝ የአማርኛ ፖሊሲ ፒዲኤፍ የተጻፈው ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የድሮ ፎንት ነው። ኮፒ አድርጌ ስለጥፈው የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ጥርቅም ሆነ። መቀየሪያ ፕሮግራም ሞከርኩ፤ ግማሹን ፊደል ይስታል። 11 ገጽ በእጄ ተየብኩ። እዚያው የገባኝ ነገር፦ ይኼ ፒዲኤፍ ለዓመታት ድረ ገጹ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ጎግል አንድም ቃሉን ሊያነበው አይችልም ነበር። ፖሊሲው አለ ይባላል እንጂ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው የለም።

ቴምፕሌቱ ለላቲን ፊደል የተሠራ ነው። ርዕሶቹ ላይ የፊደል ክፍተት ስለሚጨምር አማርኛው እንደ ተበተነ ቆሎ ሆነ፤ አጠፋሁት። ጥቅስ ሲሆን ፊደሉን ያጋድለዋል፤ የእኛ ፊደል ተጋድሞ አያምርበትም፣ አጠፋሁት። ፎንቱን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አደረግኩ፤ መጠኑ 16 ፒክስል ሲሆን «ኋ» እና «ጓ» ያሉት ፊደላት በትንሽ ስልክ አይለዩም፣ 18 አደረግኩና የመስመሩን ከፍታ ወደ 1.7 አሳደግኩ።

የገጹ ክብደት 6.8 ሜጋባይት ነበር፤ አራት ሜጋው የሪባኑ ፎቶ ብቻ ነው። ወደ ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል ዓይነት) ቀይሬ ቀነስኩ፣ ስላይዱን አወጣሁ፣ 540 ኪሎባይት ደረሰ። ፓክሃውስ በር ላይ ቆሜ በጥበቃው ቴክኖ ስልክ ስሞክረው በአራት ሰከንድ ከፈተ።

ፎቶዎች። ደብተር የሚቀበሉ ሕፃናት ፊታቸው ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ አንዷ እያለቀሰች ነው። የወላጅ ፈቃድ አለ? የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይኼ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልጆቹን ፎቶ በሙሉ አነሳሁ። በምትካቸው የዴስኮቹን ፎቶ፣ የሞዴል 19ኙን ቅጂ (ስምና ፊርማው ተሸፍኖ) አስገባሁ።

ትርጉም፦ ሠራተኛው አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። አሮጌው ገጽ የነበረው በእንግሊዝኛና በአማርኛ ብቻ ነበር። ለተርጓሚ 7,500 ብር፤ በመጀመሪያው በጀት ውስጥ አልነበረም፣ ተከራክሬ አስጨመርኩ።

ጥር፣ 2ኛ ሳምንት

ከሆላንድ ገዢ ኢሜይል መጣ፤ ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ መሩት። «ለአካባቢ ተስማሚ ጽጌረዳ» የሚለው ሐረግ ከዌብሳይቱም ከካርቶኑም ላይ ይውጣ ይላል። ምክንያቱ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2024/825 ነው፦ ማስረጃ የሌለው «አረንጓዴ»፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የመሳሰለ ጅምላ ቃል ለሸማች መናገርን ይከለክላል። ሥራ ላይ የሚውለው እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2026 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት።

ሥራ አስኪያጁ «ይኼ ለትልልቆቹ ነው» አሉ። የኬኤልኤምን ነገር አነሳሁላቸው። የአምስተርዳም ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ከቀረቡለት 19 የአየር መንገዱ የማስታወቂያ አባባሎች 15ቱ አሳሳች ወይም ሕገ ወጥ ናቸው ብሏል፤ ብዙዎቹ እንደ እኛ 14 ዓረፍተ ነገሮች ደብዛዛ ተስፋዎች ናቸው። እሳቸው ግን የገረማቸው ሌላ ነው፦ «አየር መንገድን የሚከስ ማነው?» የአካባቢ ተቆርቋሪ ማኅበር ነው አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ካርቶኑ ታትሟል እኮ» አሉ። ስንት እንደታተመ አልነገሩኝም።

በምትኩ ምን እንጻፍ? የውሃውን ነገር ሐሳብ አቀረብኩ፤ እርሻው የግሪንሃውስ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ያጠራቅማል፣ ገንዳው ይታያል፣ ይለካል። ግን ከጉድጓድ የሚስበው ውሃ ቆጣሪ ለሰባት ወር ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ ገንዳው ስንት እንደሚይዝ ጻፍን፤ «ከምንጠቀመው ውሃ ይኼን ያህሉ ዝናብ ነው» የሚለውን መጻፍ አልቻልንም። ቆጣሪው የተሠራበትን ቀን ጻፍን፣ ከዚያ ጀምሮ ይቆጠራል።

ጥር፣ 3ኛ ሳምንት

ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተጣላንበት ሳምንት። ሁለት መስመር።

አንደኛው ጉድጓዱ። ለመንደሩ በ2014 ተቆፍሮ ቀበሌው ተረክቦታል፤ ሰነዱ አለ። ፓምፑ ከነሐሴ ጀምሮ ሞተሩ ተቃጥሎ ቆሟል። ይኼን የነገረኝ ጥበቃው እንጂ ቢሮው አይደለም፤ ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዙ ሲወርዱ አይቼ ስጠይቅ ነው። «ተረክቧል፣ የቀበሌ ነው» ይላሉ ሥራ አስኪያጁ። እውነት ነው፣ ተረክቧል። ግን ገጹ ላይ «ለመንደሩ ንጹሕ ውሃ አቅርበናል» ከተባለ አንባቢው ዛሬ የሚጠጣ ውሃ እንዳለ ነው የሚረዳው። «ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ቆሟል» ብዬ ጻፍኩ።

«ይኼን ጽፈህ ማን አበባ ይገዛኛል?» የፓታጎኒያን ገጽ ከፍቼ አሳየኋቸው። እስከ ታች አነበቡና «እነሱ ሀብታም ናቸው» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። መስመሯን ያዳነቻት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት፤ የገዢው ወኪል በጥር መጨረሻ እንደሚመጣና ወንዙ መንገዱ ላይ እንደሆነ አስታወሰቻቸው።

ሁለተኛው ደመወዝ። የግል ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በአገራችን ገና የለም፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ትቶታል። ስለዚህ ስለ አበባ እርሻ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ይኼንን ቁጥር ነው፤ ገጾቹ የማይጽፉትም ይኼንኑ ነው። እንጻፈው አልኩ። አይሆንም። «ደመወዝ፦ በዚህ ገጽ አልተገለጸም» ብለን እንጻፍ አልኩ። «ከዚህስ ባትጽፈው ይሻላል።» በመጨረሻ የተስማማነው፦ የኅብረት ስምምነቱ የተፈረመበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ሠራተኛው ቅጂውን ከማኅበሩ ቢሮ እንደሚያገኝ። ቁጥር የለም። በእኔ ሺት መሠረት ይኼ መስመር «ስንት?» ላይ ዜሮ ነው። ተሸነፍኩ፤ እዚህ ልጻፈው እንጂ።

ጥር መጨረሻ እስከ የካቲት 7

ቫለንታይን። ስልክ የሚያነሳ የለም። ሁሉም ሰው ፓክሃውስ ነው፤ ሒሳብ ሹሙ ሳይቀር ካርቶን ይለጥፋል። ሁለተኛ ክፍያዬን የሚፈርም ሰውም ካርቶን ይለጥፋል።

ጊዜውን ልጠቀምበት ብዬ ገጹን በኤ3 ወረቀት አሳትሜ (በአማርኛና በኦሮምኛ፣ 240 ብር) ካንቲኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። አጠገቡ በክር የታሰረ እስክሪብቶ። «ስህተት ካለ እዚሁ ይጻፉ።» ፈቃድ የጠየቅኩት የሰው ኃይል ኃላፊዋን ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ባዶ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው የሥራ አስኪያጁ ስም አጠገብ ፂም ያለው ፊት ስሎ ነበር። በአምስተኛው ቀን መጻፍ ጀመሩ። ከተጻፈው፦

«ክሊኒኩ ቅዳሜ አይከፍትም። እኛ ቅዳሜ እንሠራለን።»

«ጓንት በሦስት ወር ተብሏል። በአምስት ወር ነው የሰጡን።» ከሥሩ በሌላ እጅ፦ «ለግሪንሃውስ 6 በሦስት ወር ተሰጥቷል።» ከሥሩ፦ «ሱፐርቫይዘራችሁ ጎበዝ ስለሆነ ነው።»

«መዋዕለ ሕፃናቱ የእኛ መሆኑ ስለተጻፈ ደስ ብሎናል።»

«ዳገቱን ማጠር ሳይሆን ከብት ጠባቂ መቅጠር ነው።»

በኦሮምኛ የተጻፈ አንድ ረጅም አስተያየት፦ ትርጉሙ ላይ «ቅሬታ» ለማለት የገባው ቃል በአካባቢው «ክስ» ማለት ስለሚመስል ሰው ይፈራዋል፤ ሌላ ቃልም ጠቁሟል። 7,500 ብር የከፈልኩት ተርጓሚ ያልነገረኝ።

የጓንቱን ነገር ስቶር ሄጄ አየሁ። ጋሼ (ስቶር ኪፐሩን ሁሉም እንዲህ ነው የሚላቸው) የወጪ ካርዱን አወጡልኝ። ሁለቱም ጽሑፍ ልክ ነው፦ ግሪንሃውስ 6 በየሦስት ወሩ፣ ግሪንሃውስ 2 እና 3 አንድ ዙር ዘሎባቸዋል። «እኔ ጥያቄ ሳይመጣልኝ አላወጣም» አሉ። ረቂቁ ላይ ያስገባሁት የግዢ ደረሰኝ ነበር፤ መገዛቱን እንጂ እጅ ላይ መድረሱን አያሳይም። የ9ኙን ዓረፍተ ነገር ማስረጃ በሙሉ እንደገና በዚህ ዓይን አየሁት። ሁለቱ ወደቁ፤ 7 ቀረ።

የካቲት፣ 3ኛ ሳምንት

ገጹ ወጣ። 22 መስመር አለው። ከዳር አራት አምድ፦ ምን፣ መቼ፣ ማስረጃ፣ አሁን ያለበት ሁኔታ። ከታች «ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው» የሚል ቀን፤ በየሦስት ወሩ ካልተነካ ራሱ ወደ ቀይ እንዲቀየር አደረግኩት። ይኼን ለሥራ አስኪያጁ ነግሬያለሁ፤ የሰሙኝ አይመስለኝም።

«ክሊኒክ» የሚለው መስመር፦ «ከሰኞ እስከ ዓርብ። ቅዳሜ ዝግ ነው።» ጓንቱ፦ «ለግሪንሃውስ 2 እና 3 አንድ ዙር አልተሰጠም።» የመነሻ ገጹ ላይ ሊንኩን ከላይ ማስቀመጥ ፈልጌ ነበር፤ እንግሊዝ አገር ዓመታዊ ሽያጫቸው 36 ሚሊዮን ፓውንድ የደረሰ ድርጅቶች ስለ ዘመናዊ ባርነት የሚያወጡትን መግለጫ ሊንክ በመነሻ ገጻቸው በጉልህ ቦታ እንዲያስቀምጡ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። እኛን የሚያስገድደን ስለሌለ ከታች፣ ከስልክ ቁጥሩ ሥር ተቀመጠ።

የሪባኑ ፎቶ ተመልሷል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ እኔ ሳላውቅ ነው የሰቀለው፤ 4 ሜጋባይት እንዳለ። አሳንሼ ተውኩት።

ያልተዘጉ፦ ሁለተኛው ክፍያ (42,500)። የአክስቴ ልጅ 59 ዶላር፤ ከቴምፕሌቱ አሁን የቀረው የግርጌው ቀለም ብቻ ነው። የኦሮምኛው ቃል ተቀይሯል፣ አማርኛው «ቅሬታ» እንዳለ ነው። ፓምፑ፦ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ትናንት አየሁት፣ ከላዩ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል።